ንጹሕ ውሃ ይዤ «ቆሻሻ» ተባልኩ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

የሪፍ ታንኬን፣ ኮራል የሚባሉትን የባሕር እንስሳትና ዓሣ ቤቴ ውስጥ የማኖርበትን የጨው ውሃ ታንክ፣ ሊያይ የመጣው ሰውዬ አሁን ወጣ። እናንተ የሪፍ ሰዎች የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያ «እኔ ሪፍ ስጀምር እናንተ አልተወለዳችሁም» የሚለው። ኮራሎቼ እየገረጡ ነው፣ እባክዎ መጥተው ይዩልኝ ብዬ በክብር ጠራሁት። (ፊቱ ላይ «እርስዎ» ነው የምለው። እዚህ ግን «እሱ» ነው፤ አልችልም ዛሬ።) መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ደቅኖ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ውይ! ይሄን ቆሻሻ ውሃ መቼ ነው የቀየርሽው?»

እህቴ አጠገባችን ቆማለች። ትሰማለች።

«ጋሼ፣ ውሃው ቆሻሻ አይደለም። ናይትሬቱ ዜሮ ነው፣ ፎስፌቱም ዜሮ ነው። እንዲያውም ችግሩ እሱ ነው» አልኩ።

ሳቀ። አሳሳቁን ብታዩት! «ዜሮ ከሆነማ ምን ጎደለሽ? ሰው ዜሮ ለማምጣት ዕድሜውን ይጨርሳል።» ከዚያ አሸዋው ላይ የተንዘላዘለውን ቡናማ ነገር በጣቱ ጠቆመኝ። «ይሄስ? ይሄም ከንጽሕና የመጣ ነው?»

አዎ ጋሼ! አዎ! ከንጽሕና የመጣ ነው! ይሄን ስል ግን ድምፄ አልወጣም። አንገቴን ደፍቼ «እ... ዳይኖ ይመስለኛል» ብቻ አልኩ። (ዳይኖፍላጀሌት ማለቴ ነው፤ በማይክሮስኮፕ የሚታይ፣ ሲበዛ ቡናማ ንፍጥ የሚሆን ተሕዋስ።) ምን ቢያደርግ ደግሞ ጥሩ ነው? ወደ እህቴ ዞረ።

«ምግብ ታበዛለች አይደል?»

የእናቴ ልጅ፣ አብራኝ ያደገችው፣ «አቤት! ስትመግብ ነው የምትውለው» አለችው። እሷን ለብቻ እመጣባታለሁ።

እመግባለሁ! መመገብ አለብኝ! ኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖር ዙዛንቴሌ የሚባል አልጌ አለ። በብርሃን ስኳር ይሠራል፣ ከዚያ ላይ ለኮራሉ ያካፍለዋል። አብዛኛው ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ያ አልጌ ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋል፤ ናይትሬትና ፎስፌት ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው፣ ታንኩ ውስጥ የሚገቡትም ከምግቡ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ይመነምናል፣ ኮራሉም ቀለሙን ያጣል። ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም።

«ባሕሩ ራሱ ዜሮ ነው እኮ» የምትሉም አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አዎ፣ የባሕሩ ሪፍ ውሃ ሲለካ ባዶ ሊባል ምንም አይቀረው። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ያን ያህል ሕይወት እንዴት ይኖራል የሚለው ጥያቄ «የዳርዊን እንቆቅልሽ» የሚል ስም ሁሉ ወጥቶለታል። ግን እዚያ ፕላንክተኑ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ጥቃቅን ሕይወት፣ ቀንና ሌሊት በላዩ ላይ ይፈስሳል። እኔ ጋ የሚፈስሰው የፓምፕ ውሃ ነው። ባዶ የፓምፕ ውሃ።

ደግሞ ዜሮውን ማን አመጣው? እናንተ! ገና ድንጋዩን ስደረድር «ኃይለኛ ስኪመር ግዢ» አላችሁ፤ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ማሽን። ገዛሁ። «ፎስፌት የሚመጥ የብረት ኦክሳይድ ጨምሪ» አላችሁ። ጨመርኩ። «ሪፈጂየም ከሌለሽ አልጌ ይበላሻል» ስትሉኝ ለብቻው በተለየ ክፍል (ሪፈጂየም ማለት እሱ ነው) ኬቶ የሚባለውን ጠቃሚ አልጌ ተከልኩ። እሱም የቀረችውን ናይትሬት ጠራርጎ በላት። አንዱማ ናይትሬትና ፎስፌት የሚበላው ባክቴሪያ እንዲበዛ በየቀኑ ቮድካ ጠብ አድርጊ ብሎኛል። እኔ ጠጥቼ አላውቅ፣ ታንኩ ይጠጣል! ሁሉም ሰው እንደ ጠላት የሚያወራላቸው ናይትሬትና ፎስፌት ዛሬ ጠፍተው በመድኃኒት እየፈለግኳቸው ነው።

ድንጋዩም ደረቅ ነው። ከባሕር የወጣ ሕይወት የለበትም። የሚሻማ አልጌ የለ፣ የሚሻማ ባክቴሪያ እንደ ልብ የለ። እንዲህ ባለ ባዶ ቤት ቀድሞ የሚገባው ዳይኖፍላጀሌት ነው። ጠዋት መብራቱ ሳይበራ ስታዩት አሸዋው ነጭ ነው፤ ተፈወስኩ ትላላችሁ። እኩለ ቀን ላይ ንፍጥ የመሰለ ክር ከነአረፋው ከድንጋዩ ላይ ይንጠለጠላል። በቱቦ መጥጣችሁ ስታወጡት ይወጣል፣ ነገ እዚያው ነው። ቀንድ አውጣዎቼ በጀርባቸው እየተገለበጡ አለቁ።

ማይክሮስኮፕ ተውሼ አየሁት። የእንባ ጠብታ ቅርጽ አለው። በጫፉ አንድ ቦታ ተጣብቆ ዙሪያውን ይሾራል። ኦስትሪዮፕሲስ የሚባለው ዳይኖ ነው። ይሄኛው ማታ ማታ አሸዋውን ለቅቆ ውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ያጠቃዋል። አሸዋው ውስጥ የሚቀረው ሌላው ዳይኖ፣ አምፊዲኒየም፣ ቢሆን ኖሮ ዩቪው ብዙም አይረዳኝም ነበር። ይሄን ሁሉ ለሰውየው ለማስረዳት አፌን ስከፍት «ዩቪ ለዓሣ በሽታ ነው» ብሎ ዘጋኝ።

ምክሩን ስሙልኝ። «ግማሹን ውሃ ቀይሪ። የፎስፌት ማስወገጃውን እጥፍ አድርጊ። ዓሣዎቹንም ለጥቂት ቀን አታብያቸው።» በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! የተራበውን ታንክ ጭራሽ ጹም ይለዋል! እኔ ደግሞ፣ ምን ነካኝ፣ «እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ በር ድረስ ሸኘሁት።

የቴስት ኪቱ፣ የውሃ መመርመሪያው፣ ነገርም አለ፤ ስላነሳሁት ልጨርሰው። የቀለም ካርዱን መስኮት ላይ ይዘን ስንከራከር ነው የምንውለው። እኔ ነጭ ነው እላለሁ፣ እህቴ ሮዝ ነው ትላለች፣ ባሏ «የቱ ጋ ነው ቀለሙ?» ይላል። ዲጂታሉን መለኪያ ገዛሁ። እሱ ደግሞ ፎስፌትን ትቶ ፎስፈረስን በቢሊዮን ውስጥ ስንት እንደሆነ ይነግረኛል። ፎስፌቱን በፒፒኤም፣ በሚሊዮን ውስጥ ስንት እንደሆነ፣ ለማወቅ በ3.066 አባዢ፣ ለ1000 አካፍዪ። ለዓሣ ብዬ ሒሳብ ክፍል ተመለስኩ!

ናይትሬቱስ እሺ ይላል፤ ስጨምር ይወጣል፣ ከ5 እስከ 10 ፒፒኤም ባለው ውስጥ እይዘዋለሁ። ፎስፌቱ ነው ያቃጠለኝ። ማታ ጨምሬ 0.05 ይላል፤ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ። ጠዋት ዜሮ! ደረቁ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ፎስፌቱን ስቦ ይይዘዋል። እስኪጠግብ ድረስ የምጨምረው ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚገባው። ስንት ይበላል? አይናገርም። ድንጋይ ነዋ።

አሁን ኬቶውን አውጥቻለሁ፣ የብረት ኦክሳይዱንም ጥያለሁ። ስኪመሩ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓት ነው። አልካሊኒቲውን፣ ውሃው አሲድን የሚቋቋምበትን ልክ፣ ወደ 7.5 ዲኬኤች አውርጄ ይዣለሁ፤ እንዲህ በተራበ ውሃ ላይ ከፍ ሲል የኮራሉ ጫፍ ይቃጠላል። ውሃ አልቀይርም። ዓሣዎቹም ይበላሉ! ዛሬ ማታ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው፣ እህቴም ከፈለገች ሄዳ ትናገር።

ከታች «ውሃ ቀይሪ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ብሎክ ነው፤ ዘመድም ቢሆን። የተረፈ የፎስፌት ዱቄት ያላችሁ ግን በውስጥ መስመር አናግሩኝ።