ገዢውን ብቻ ያየ ፊልም

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ለጥቂት የሥዕል ወዳጆች የታየው ዘጋቢ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ፣ በሚላኖና በኒውዮርክ የተነሡ አፈንጋጭ የኪነ ጥበብ ሰዎች በየሱቁ ለሚቆለለው ሸቀጥ የሰጡትን ምላሽ ይተርካል። በጥንቃቄ የተሠራ ፊልም ነው። ቅሬታዬ የሸማችነትን ዓለም ከገዢው ወገን ብቻ ማየቱ ላይ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ አርማን በ1960 ፓሪስ የሚገኘውን የኢሪስ ክሌር ጋለሪ ሰው እስከማያስገባ ድረስ በተጣለ ዕቃ ሞላው፤ ጥሪውንም በሰርዲን ቆርቆሮ አሽጎ ላከ። ክሌስ ኦልደንበርግ በ1961 መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ፣ ከጄሶ ሠርቶ በደማቅ ቀለም የለቀለቃቸውን ሸሚዞች፣ ጫማዎችና ኬኮች ራሱ ሸጠ። ፒዬሮ ማንዞኒ ደግሞ በዚያው ዓመት «የሠዓሊው ዓይነ ምድር» የሚል ጽሑፍ የለጠፈባቸውን 90 ቆርቆሮዎች አዘጋጀ፤ የእያንዳንዱ ክብደት 30 ግራም፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ወርቅ እንዲሆን ወሰነ። ያኔ አንድ አውንስ ወርቅ 35 ዶላር ስለነበረ ሒሳቡ 34 ዶላር ገደማ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚላኖ ላይ ለጨረታ የቀረበ አንድ ቆርቆሮ ግን 275,000 ዩሮ ተሸጧል። ገበያው ስድቡንም ገዛው ማለት ነው። ፊልሙ ይህን እንደ ቀልድ ነካ አድርጎ ያልፈዋል፤ ለእኔ የታሪኩ እምብርት ይህ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የኦልደንበርግ የጄሶ ሸሚዝ ነው። እውነተኛውን ሸሚዝ ማን ሰፋው? ፊልሙ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከታሰበላቸው ሥራዎች አንዱ ለውጭ ገበያ ልብስ መስፋት ነው፤ የሀረጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ወጥተን ደሴ ሰኞ ገበያ ስንደርስ ደግሞ የውጭ ሰው ለብሶ የጣለው ሰልባጅ ቦንዳው ተፈትቶ ይጠብቀናል። እዚያ ልብስ የሚመርጥ ሰው አንገትጌውን ይገለብጣል፣ ስፌቱን ሳብ ሳብ ያደርጋል፣ ዚፑን ደጋግሞ ይከፍታል፤ አንዳንዱ ኮት ላይ የመጀመሪያው ሱቅ የዋጋ ወረቀት ሳይበጠስ ይገኛል። ተገዝቶ፣ ሳይለበስ፣ ተጥሎ የመጣ መሆኑ ነው። (ዕቃን እንዲህ በቅርብ የሚመረምር ሰው ጋለሪ ውስጥ አይቼ አላውቅም።)

በዚህም ምክንያት የፊልሙ «አትግዙ» የሚል መንፈስ እዚህ ሲደርስ ሌላ ትርጉም ይይዛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ ሸቀጦች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ሕግ) ተጠቃሚነት ስታስወጣ፣ ልብስ ላኪ ፋብሪካዎቻችን ከቀረጥ ነፃ ወደዚያ የሚገቡበት በር ተዘግቷል። የሩቁ ሸማች እጁን ሲሰበስብ የሚሠጉት የእኛ ሰፊዎች ናቸው። ይህ ማለት ብክነቱ ደግ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ነቀፌታው ሠራተኛዋን ካላየ ጎደሎ ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ሠዓልያንም ቆሻሻ ሰብስቦ ግድግዳ ላይ መለጠፍን ከፓሪስ ቢቀዱ ብዙ የሚጨምሩ አይመስለኝም። የአዲስ አበባው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚያገኛቸውን የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጮችና ሽቦዎች በትዕግሥት አጠላልፎ የሚሠራቸው ሥራዎች የተሻለ መንገድ ያሳያሉ፤ ከውግዘት ይልቅ የእጅ ድካም ይታይባቸዋልና። እኛ ጋ ጥሬ ዕቃው ከሁለቱም ጫፍ አለ፤ ከመቀሱ የተረፈውም፣ ከቦንዳው የወጣውም። ፊልሙም ኮምቦልቻ ወርዶ በፈረቃ መውጫ ሰዓት ለልብስ ሰፊዎቹ ቢታይ፣ ደሴ ላይ እኛ ካነሣናቸው ጥያቄዎች የጠነከሩ እንደሚነሡ አልጠራጠርም።