ጥላው ይሄዳል፣ ቡቺ ታስሯል

ውሻ ጫማ አድርጎ ሲሄድ ያየሁት ፊኒክስ፣ አሪዞና ነው። አራት ጫማ! ያገሬው ሰው አስፋልቱን በእጁ ጀርባ ይነካና ሰባት ሰከንድ መታገስ ካቃተው ውሻውን አያወጣም። ቀልድ አይደለም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ ከተማው 31 ቀን በተከታታይ ከ43 ዲግሪ በላይ ውሏል። 38 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ ውሻ ይዞ በከተማው የተራራ መንገዶች መውጣት በሕግ ክልክል ነው። የተቆለፈ መኪና ውስጥ ሊሞት የደረሰ ውሻ ካየህ ደግሞ፣ ለፖሊስ ደውለህ መስታወቱን ብትሰብር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ ካሳ አያስከፍልህም።

ሚያዝያ ላይ ለገጣፎ እህቴ ቤት ሰነበትኩ። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢሆን ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት ሹራብ እለብሳለሁ። ግቢው ውስጥ ግን ውሻቸው ቡቺ ምላሱን ጎልጉሎ ያለከልካል።

የቡቺ ቤት ቆርቆሮ ነው። የተሠራው ክረምቱንና የሌሊቱን ብርድ ታስቦ ነው፤ ለሐምሌ አንደኛ ነው። በበጋ ቀትር ላይ ግን እጅ አያስነካም። ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ፣ ዛፉም «ቅጠሉ ያቆሽሻል» ተብሎ ተቆርጧል። ጠዋት ግንቡ ጥላ ይሰጠዋል። አራት ሰዓት ሲሆን ጥላው ሄደ። ቡቺ ግን ሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ ነው፤ የት ይከተለው?

የገጠር ውሻን አስቡት። ማንም አይንከባከበውም፤ ግን ፀሐይ ሲበረታ ጎተራ ሥር ገብቶ ይተኛል። የመንገዱም ውሻ የቆመ ሲኖትራክ ሥር ይገባል። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታው የእኛ የግቢ ውሻ ግን ይህም የለው። ውሻ እንደ ሰው ገላው አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ጤነኛ ውሻ 38 ወይም 39 ዲግሪ ነው፤ 41 ከገባ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ያኔ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ሆዱንና እግሩን በቀዝቃዛ ውኃ ማራስ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ነገርኳት። «አንተ ደግሞ ፈረንጅ ሆነህ መጣህ!» አለችኝ። ዘበኛው የውኃውን ሳህን ሳሳየው «ጋሼ፣ ይደፋዋል እኮ» አለኝ። ይደፋዋል፤ ሰንሰለቱ ነዋ የሚገለብጠው! ከባድ ድስት ፈልጌ በድንጋይ አስደገፍኩት። ውኃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እውነት ነው። ግን ሮቶው ሞልቶ መኪና በየቀኑ ይታጠባል፤ አንድ ጣሳ ለቡቺ ሲባል ነው የውኃ እጥረት የሚነሳው።

ሰንሰለቱንም ከግንብ እስከ ግንብ በተወጠረ ሽቦ ላይ በቀለበት እናንሸራት፣ ጥላውን እየተከተለ ይዋል አልኩ። የእህቴ ባል «መኪና ማዞሪያ ይዘጋል» ብሎ ከለከለ። ቢያንስ የምጋርድበት ሸራ ስጡኝ ብዬ ፈለግሁ። ሸራው መኪናው ላይ ነው።

«እሱንማ አትንካ» አለኝ፣ «ቀለሙን ፀሐይ ይበላዋል።»