አሥራ ሁለት አምላክ፣ አንድም ዝክር የለም

የዘመኑ ልጆች ሊመሰገኑ ይገባል። እኛ ጎጃሞች አንድ አምላክ ይዘን፣ ለእሱም ስንት ዘመን ቅኔ ስንቆጥር ኖረን ገና አልጨረስንም። እነሱ ማኪያቷቸው ሳይቀዘቅዝ ለሚጽፉት የምናብ ታሪክ አሥራ ሁለት አምላክ ሠርተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ።

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ቁጭ ብዬ አንድ የጎረቤት ልጅ መጣ። የምናብ ዓለም እየፈጠረ ነው፤ ድራጎን አለበት፣ የተመረጠ ወላጅ አልባ ልጅ አለበት፣ የሚያበራ ሰይፍም አይጠፋም። «ጋሼ፣ አማልክቱን ላንብብልህ» አለኝ። አነበበልኝ። የእሳት አምላክ አለ። የውኃ አለች። የጦርነት፣ የሞት፣ የብርሃን፣ የጨለማ አሉ። የካቢኔ ሹመት የሰማሁ ነው የመሰለኝ፤ ሁሉም የየራሱን መሥሪያ ቤት ይዞ ተቀምጧል፣ አንዱ በሌላው ሥራ ጥልቅ አይልም። የእሳቱ ቁጡ ነው። የውኃዋ ረጋ ያለች፣ ፀጉሯም ሰማያዊ። የሞቱ ጥቁር ካባ ለብሷል። ማን ያስበው ነበር!

የጥንት ሰዎች እኮ ይህን ጥራት አያውቁትም። ግሪኮች ፖሲዶንን ባሕር ላይ ሾመውት ሲያበቁ ፈረስንና የመሬት መንቀጥቀጥን ደረቡለት። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ኦዲንን ጦርነትም ግጥምም አስያዙት፤ ሲያሻው ያዋጋል፣ ሲያሻው ይቀኛል፣ ዋሸራ ቅኔ ቤት ብቅ ቢል ኖሮ መቀመጫ አያጣም ነበር። የእኛዎቹ አክሱማውያንም ያው ናቸው። ክርስትና ሳይገባ አስታር፣ ብሔር፣ ምድር፣ ማሕረም የሚሏቸው አማልክት ነበሯቸው። ንጉሥ ዒዛና ድንጋይ ላይ ራሱን የማሕረም ልጅ ብሎ አስቀረጸ፤ እዚያው በግሪክኛው ጽሑፍ ደግሞ ማሕረም አሬስ ሆኖ ቁጭ አለ። የጦር አምላክ፣ የንጉሥ አባት፣ ያውም ሁለት ስም ያለው። ዝርክርክ! የእኛ ልጅ ቢኖር በሠንጠረዥ ያስተካክለው ነበር።

ስም አወጣጡስ ቢሆን። ዋናው ክፉ አምላክ «ዝራክ'ሞር» ይባላል። መሃሉ ላይ የተንጠለጠለችው ጭረት እንዴት ትነበባለች ብዬ ጠየቅሁት። «አትነበብም፣ ታስፈራለች» አለኝ። ደበሎ ለብሰው፣ በየደጁ ውሻ እየነከሳቸው ቁራሽ እየለመኑ፣ ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነሥተው ረጅሙ መወድስ እስኪደርሱ ሰምና ወርቅ ሲያዋህዱ ዓመታት የፈጁት የቆሎ ተማሪዎች ይቺን ጭረት ማን ባሳያቸው!

ይህ ዝራክሞር ዓለምን ማጥፋት ነው የሚፈልገው። ተከታዮቹ ደግሞ ዋሻ ውስጥ ተሰብስበው ዓለምን ቶሎ አጥፋልን ይሉታል። እነሱ ራሳቸው የት ሊኖሩ እንዳሰቡ አልተጻፈም። እኛ አገር ለአድባር ቡና የምታፈላ ሴት እንኳ በለሆሳስም ቢሆን ጉዳይ አላት፤ ልጄን ማርልኝ፣ ላሜን ጠብቅልኝ ትላለች። የዝራክሞር ሰዎች ግን ምንም አይጠይቁም። ንጹሕ በጎ ፈቃደኝነት ነው።

የውኃዋ አምላክ መቅደስ በትልቁ ወንዝ ምንጭ ላይ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ወርቅ። «ግሽ ዓባይ ሄደህ ታውቃለህ?» አልኩት። አያውቅም። እኛ ሰከላ ላይ ያለን የዓባይ ምንጭ ወርቅ የለውም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሲደርስ ያገኘው ረግረግ ላይ ያለች ትንሽ ምንጭ ነው። ዛሬም የምታየው ቢጫ ጀሪካን ነው፤ ሰዉ ጸበሉን ቀድቶ፣ እንዳይፈስ አፉ ላይ ፌስታል ጣል አድርጎ፣ ክዳኑን ጥርቅም። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጥተው፣ ከእስር ሲመለሱ አንድ ቅጠል ሳይርስ ተቀበሉት ይባላል። አደራ የሚጠብቅ ወንዝ! ነገርኩት። «ለእኔ ታሪክ አይሆንም ጋሼ፣ የእኔዋ ማዕበል ነው የምትልከው» አለኝ። ልክ ነው፤ ማዕበል ከአደራ በላይ አዲስ ሐሳብ ነው።

እኔ አድናቆቴን ልቀጥል ስል አክስቴ ጣልቃ ገባች። ቡና እየቆላች ሁሉንም ሰምታለች።

«አንተ ልጅ፣ ይህ የእሳቱ... ጾሙ ስንት ቀን ነው?»

«ጾም የለውም እማማ።»

«ዝክሩስ?»

«የለውም።»

«ወየው ጉድ! ጠላ አይጠመቅለት፣ ማኅበር አይጠጣለት፣ በስሙ የሚምል የለ። ታዲያ የእሱ ሰው መሆናቸው በምን ይታወቃል?»

«ቀይ ካባ ይለብሳሉ።»

አክስቴ መቁያውን ወደ እኔ ዞራ አሳየችኝ፤ ሽታውን እንዳሸትት ነው፣ ግን ዐይኗ ልጁ ላይ ነበር። «ካባውን ማን ያጥበዋል?» አለችው።

ልጁ ይህን ጊዜ ስልኩን አወጣ። ጎበዝ ነው ብያለሁ፤ ወዲያው ማስተካከል ጀመረ። «እሺ፣ በወር በወር በ13ኛው ቀን ዝክር ይኑረው።»

«13 እግዚአብሔር አብ ነው።»

«25?»

«መርቆሬዎስ።»

«በቃ 30።»

«ማርቆስ!» ብላ መቁያውን አስቀመጠች። «እዚሁ ማርቆስ አገር ቁጭ ብለህ ማርቆስን ልታፈናቅል?»

ልጁ ጣቱን እየቆጠረ ትንሽ አሰበ። «ጳጉሜ ላይ ባደርገውስ?»

«ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው፤ እሷን እንዳትነካ። ዝናቡ ጸበል ነው።»

«6ስ?»

አክስቴ ዝም አለች። ጳጉሜ 6 በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ነው የምትመጣው።

«እሱስ ይሁን» አለች በመጨረሻ፣ ቡናውን ወደ ሙቀጫ እየገለበጠች። «ጌሾም አያስፈጅ።»