ሬስለሩና የሻይ ሒሳብ

ሰሞኑን የሬስለር ግለ ታሪክ ይዤ ከርሜያለሁ። አትሳቁ። በድሬዳዋ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ሌላ ምን ይሠራል? ጫት አልቅምም፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። መጽሐፉን ያመጣው ውጭ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ሻንጣው ሲከፈት ሽቶ ስንጠብቅ እሱ ወጣ።

የሚክ ፎሊ ታሪክ ነው፤ በፈረንጆቹ 1999 የታተመ። በስሙ ካላወቃችሁት፣ ማንካይንድ። ያ ቡናማ የቆዳ ጭንብል አጥልቆ የገዛ ጸጉሩን ሲነጭ የነበረው ሰውዬ። በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቀን፣ ላብ በላብ ሆነን ያየነው። መጀመሪያ ሌላ ጸሐፊ ተቀጥሮለት ነበር አሉ፤ አልጥመው ሲል ራሱ ጻፈው። በእስክሪብቶ! መጽሐፉም በኒውዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር አንደኛ ወጣ። እኔ አንድ ማመልከቻ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሻለሁ።

ከዚራ ጥላ ሥር ለጓደኛዬ ይህን ሳወራው፣ «አቦ ተወኝ! የውሸት ነው እኮ!» አለኝ።

ይሄ ነገር ያናድደኛል። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመው መስማማታቸውን ማን ካደ? ራሳቸው የሬስሊንጉ ድርጅት ባለቤቶች እንኳ በፈረንጆቹ 1989 ኒው ጀርሲ ላይ «መዝናኛ ነው እንጂ ውድድር አይደለም» ብለዋል፤ ከስፖርት ኮሚሽኑ ቁጥጥር ለመገላገል። ግን በ1998 አንደርቴከር የሚሉት ሬስለር ፎሊን መድረኩን ከከበበው የብረት ቤት ጣሪያ ላይ ሲወረውረው አምስት ሜትር ገደማ ነው የወረደው፣ የኮሜንታተሮቹ ጠረጴዛ ላይ። እንደገና ወጣ። አሁን ደግሞ ጣሪያው ራሱ ተከፈተና ወደ ውስጥ ወደቀ። የተሰበረ ጥርሱ አፍንጫው ውስጥ ተገኘ። አፍንጫው ውስጥ! ጆሮውንማ ቀድሞ ነው የገበረው፤ በ1994 ሙኒክ ላይ ጭንቅላቱ ገመድ ውስጥ ተጠምዶ።

ነገሩ አስቀድሞ የተስማሙበት መሆኑን በምስጢር መጠበቅ በነሱ ቤት «ኬይፌብ» ይባላል። አክተሩና ክፉው ሰውዬ አብረው መታየት የለባቸውም። በ1987 ሬስለሮቹን ጂም ደገንንና አይረን ሺክን ፖሊስ አንድ መኪና ውስጥ ያዛቸው። መድረክ ላይ ደመኞች ናቸው! ከመያዛቸው ይልቅ አብረው መሄዳቸው ጉድ ተባለ።

«እኛስ?» አልኩት ጓደኛዬን።

መልስ ሳይሰጠኝ ሒሳብ መጣ። ሁለት ሻይ፣ አንድ አምቦ ውሃ።

«እኔ ነኝ!» ብሎ ብድግ አለ።

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

«ወላሂ አትከፍላትም!»

ያለፈው ሳምንት እኔ ነኝ የከፈልኩት። ዛሬ የሱ ተራ እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አስተናጋጁም ያውቃል። ቢሆንም እጄን ወደ ኋላ ኪሴ ሰደድኩ። ቀስ ብዬ። ቦርሳው «ተያዘብኝ»። ይህን ጥበብ ፎሊ ቢያየው ያደንቀኝ ነበር። ጓደኛዬ ክንዴን ጠመዘዘ፣ እኔ የሸሚዙን እጅጌ ጎተትኩ፣ አስተናጋጁ እንደ ዳኛ መሀላችን ገባ። ከጎን ያሉት ሽማግሌ፣ «ኧረ ተው ልጆች፣ አትጣሉ» አሉ። ተመልካችም አገኘን።

እዚህ ላይ ነው ክርኔ ብርጭቆውን የመታው። ገና የተቀዳ ሻይ ጭኑ ላይ ተገለበጠ።

ጩኸቱ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሱሪውን ከገላው ለማላቀቅ ሲዘል፣ የተቀደደች እጅጌው አብራ ትዘላለች። አስተናጋጁ ፎጣ ይዞ ሮጠ፤ እኔ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ።

ተረጋግቶ ሲቀመጥ ብሩን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቀና ብሎም አላየኝም።

«ያን መጽሐፍ ስትጨርሰው» አለኝ ጭኑን እያራገበ፣ «አውሰኝ።»