ካፍካ አለ ማለት መልእክት አይደገምም ማለት አይደለም

«ካፍካ ካስገባችሁ እያንዳንዱ መልእክት አንዴ ብቻ ነው የሚደርሰው፣ ስለ ድግግሞሽ አታስቡ» ያልከው ላይ ትንሽ ላርምህ ወዳጄ (ካፍካ በፕሮግራሞች መካከል መልእክት የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር ነው)። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚያስበው። እኔም አስብ ነበር።

እርግጥ ካፍካ ከ0.11 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ትራንዛክሽን (ብዙ እርምጃዎች ወይ ሁሉም አንድ ላይ ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዱም አይፈጸምም የሚል አሠራር) አለው። ግን «አንዴ ብቻ» የሚለው ዋስትናው ከካፍካ አንብበህ መልሰህ ካፍካ ላይ ስትጽፍ ነው። ከዚያ ወጥተህ ዳታቤዝ ስትነካ፣ ኢሜይል ስትልክ ወይም የሌላ ሲስተም ኤፒአይ ስትጠራ አብሮህ አይወጣም።

እስቲ እየው፦ ኮንሱመርህ (መልእክቱን የሚያነበው ፕሮግራም) የክፍያ ትእዛዝ አነበበ፣ ከደንበኛው ሂሳብ ገንዘቡን ቀነሰ፣ ከዚያ «እዚህ ድረስ አንብቤያለሁ» ብሎ ኦፍሴቱን (አንብቦ የደረሰበትን ቦታ ቁጥር) ሳይመዘግብ ሰርቨሩ ወደቀ። ሲነሳ ያንኑ መልእክት እንደ አዲስ ያነበዋል። ደንበኛው ሁለቴ ከፈለ! ገልብጠህ ኦፍሴቱን አስቀድመህ ብትመዘግብ ደግሞ ክፍያው ጭራሽ ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል። ሌላው የመልእክት ማስተላለፊያ ራቢትኤምኪውም ያው ነው፤ ማረጋገጫ ሳይደርሰው ግንኙነቱ ከተቋረጠ መልእክቱን መልሶ ይልከዋል (ሌላ ምን ያድርግ?)።

ሥራው ያንተ ነው፣ ደግሞም ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን መለያ ቁጥር ስጠው። ቁጥሩን ከሂሳቡ ለውጥ ጋር በአንድ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን መዝግብ፣ እንዳይደገምም ዩኒክ አድርገው። መልእክቱ ሁለተኛ ሲመጣ ዳታቤዙ ራሱ እምቢ ይላል፣ ኮድህም ዝም ብሎ ያልፈዋል።