የዶክተር መኪና

ትናንት የባለቤቴ ወንድም «መኪና እይልኝ» ብሎ ደሴ ፒያሳ ድረስ ጎተተኝ። ቀይ ቶዮታ ሴሊካ፣ የ1991 ሞዴል። ኮፈኗን ዳሰስኩ። ትኩስ ናት።

«ለምን አሞቃችኋት?» አልኩት ደላላውን።

«ወላሂ ጋሼ፣ የዶክተር መኪና ናት!»

እኔ የጠየቅኩት ስለ ሞተሩ ነው። ያረጀ ሞተር ጉዱ የሚወጣው በብርዱ ሲነሳ ነው። ያኔ ይንኳኳል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። አሙቆ የሚጠብቅህ ሰው ይህን ደብቆብሃል። መልሱ ግን ዶክተር!

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች። ይህችን ተረት እወዳታለሁ፤ ከተማችንን ልክ ልኳን ትነግራታለች። ሸዋበር ሰፈር ቤት ስከራይ «ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?» ብዬ ነበር። «የጨዋ ግቢ ነው» ተባልኩ። ነሐሴን ሦስት ባልዲና አንድ ጎላ ድስት ደርድሬ ከጨዋዎቹ ጋር ከረምኩ። አቤት ስል ደግሞ «ካንተ በፊት ዳኛ ነበር የኖረበት» አሉኝ። ዳኛውን ባገኘው እሱው ዘንድ በከሰስኳቸው! ሽምግልና ሄደህ «ልጁ ሥራ አለው?» ብትል የአያቱን መሬት ይቆጥሩልሃል። ሥራ የለውም ማለት ነው። አንድ ሰው እንኳ አፉን ሞልቶ «ያፈሳል» ቢል ምን ይጎድልበታል?

እ... መኪናዋ። ከኮፈኑ ብቅ የሚሉት መብራቶቿ ሲበሩ አንዱ ነቃ፣ ሌላው ተኝቶ ቀረ። ማግኔቴ በሩ ላይ ጥብቅ አለ፤ ከኋላ ጎማው በላይ ግን ተንሸራቶ ወደቀ። ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። የታይሚንግ ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ግድም መቀየር ነበረበት። መቼ ተቀየረ? «ዶክተሩ ውጭ ነው የተማሩት።»

የዘይቱን ክዳን ፈታሁ። ከሥሩ እርጎ የመሰለ አረፋ ይዟል፤ ዘይቱና ውሃው ሳይጋቡ አልቀሩም። ሁለቱን የሚለያየው ማሸጊያ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ አልቆ ይሆን?

«የደሴ ብርድ ነው ጋሼ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መኪናዋ መለሰልኝ። እውነትም ብርድ እንዲህ ያደርጋል። ለዚህ ዳኛው ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ ቁልቁለቷ ግን 600 ሜትር ያህል ነው። ስንወርድ ሰላም። ስንመለስ ዳገቱን ሳናጋምስ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ወጣ። ቆምን። ደላላው ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ወረደ።

የባለቤቴ ወንድም በእንፋሎቱ መሀል ኮፈኗን በእጅጌው ይወለውላል።

«ቢሆንም ጋሼ፣ የዶክተር ናት እኮ» አለኝ።