ገንዘቡ የእኔ፣ ጣሪያው የእነሱ

አሁን ከባንኩ መውጣቴ ነው። ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

300 ዶላር አስይዤ ክሬዲት ካርድ አውጥቻለሁ። የክሬዲት ነጥቤ፣ ማለትም እዚህ አሜሪካ አበዳሪዎች ታማኝነቴን የሚለኩበት ቁጥር፣ ለምን አሽቆለቆለ ብዬ ለመጠየቅ ነበር የገባሁት። ሠራተኛዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች መለሰችልኝ፤ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል።

«ብዙ ስለ ተጠቀሙ ነው።»

«የካርዱ የብድር ጣሪያ 300 ዶላር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«የተጠቀምኩት 270 ነው። ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን ከፍያለሁ።»

«ከ90 ዶላር ባያልፉ ይመረጣል።»

«ታዲያ 300 ያስያዛችሁኝ ለምንድን ነው?»

ፈገግ አለች። «ማስያዣውን ቢጨምሩ ጣሪያዎ ከፍ ይላል!»

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይሄ ነው። 300 ዶላሩ የእኔ ነው። እነሱ ጋ ተቆልፎበት ተቀምጧል፤ አንድ ሳንቲም ወለድ አይወልድልኝም። ከዚያው መልሰው «አበደርንህ» ይሉኛል፤ አንድ ወር ባሳድር ደግሞ በዓመት 28 በመቶ ያስቡብኛል። ክፍያውን ካስያዝኩት ላይ ቀንሱ ቢሏቸው አይሆንም። ማስያዣው የሚነካው ሰውየው መክፈል ሲያቅተው ነው እንጂ ወርሃዊ ዕዳ አይሸፍንም። ዓመታዊ ክፍያ ብለው የቆረጡትን ተዉት፣ እሱን ካነሣሁ አላቆምም።

የሚያንገበግበኝ ማንም አስቀድሞ አለመናገሩ ነው። ባንኩ የክሬዲት መዝገብ ለሚይዙት ኤጀንሲዎች፣ ለኢኩዊፋክስ፣ ለኤክስፔሪያን እና ለትራንስዩኒየን የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ የወሩ ሂሳብ በተዘጋበት ቀን ያለውን ዕዳ ነው። የመክፈያው ቀን የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በሕጉ ቢያንስ 21 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ በሰዓቱ ከፍለህም መዝገቡ ላይ የምትታየው ከጣሪያህ 90 በመቶውን እንደ ጨረሰ ሰው ነው! ሂሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ክፈል ብሎ ለመንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ውሉን ስፈርም ብዕር ለማቀበል የቸኮሉት ሰዎች ይህንን ለመናገር አፍ አጡ?

እዚህ አሌክሳንድሪያ ቤት ስንከራይም እንዲሁ ነበር። ክሬዲት የለህምና የሁለት ወር ኪራይ አስይዝ። የስልኩም ኩባንያ፣ አስይዝ። ሥራ አለኝ፣ ደመወዜ በየሁለት ሳምንቱ ይገባል፣ ማንም አይሰማም። እቁብ ስጥል ደግሞ አንድም ዙር አሳልፌ አላውቅም፤ ዕጣዬን በልቼ እንኳን እስከ መጨረሻው ጥያለሁ። ሰብሳቢያችን ይመስክሩ! ግን የእሳቸውን ደብተር የሚያነብ ኤጀንሲ የለም። በዚህ አገር ታማኝነቴ የሚጀምረው የራሴን ገንዘብ ካስያዝኩ ወዲህ ነው።

ካርዱን ልዝጋው እንዳልል፣ ማስያዣዬ ቢመለስም ነጥብ የሚያስቆጥርልኝ ሌላ ብድር የለኝም። የመኪና ብድር ደግሞ ያለዚህ ነጥብ አይታሰብም። እናንተ አዲስ የመጣችሁ፣ የሂሳቡን መዝጊያ ቀን ደውላችሁ ጠይቁ፤ እስኪነግሯችሁ ድረስ ስልኩን አትዝጉ።